በቀኜ የቆመው ሰው ጋሻ

በኦሊምፒያ ቤተ መዘክር አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ የሚያመራው የሄርሜስ የእብነ በረድ ሐውልት ወዳለበት ክፍል ነው። እኔን ያስቀረኝ ግን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ አናቱ የተበላ፣ ዘመን አረንጓዴ ያለበሰው የነሐስ ራስ ቁር ነበር። በታችኛው ጠርዙ ላይ፣ ሚልቲያደስ ለዜውስ እንዳበረከተው የሚናገሩ ጥቃቅን ፊደላት ተቀርጸውበታል። ሚልቲያደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት በማራቶን ሜዳ አቴናውያንን ከፋርስ ሠራዊት ጋር ካዋጉት የጦር አለቆች አንዱ ነው፤ ውጊያው እንዲጀመር ያስወሰነውም እሱ ነው። እዚያው አጠገቡ አናቱ የሾለ ሌላ ራስ ቁር አለ። አቴናውያን ከሜዶናውያን፣ ማለትም ከፋርሶች፣ ማርከው ለዜውስ እንደሰጡት በላዩ ተጽፏል። ምናልባት በአንድ ሜዳ ሊገዳደሉ የተፋጠጡ ሰዎች የደፉት ነሐስ ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

እኛ ኦሊምፒያን የምናውቃት በሩጫዋና በትግሏ ነው። በጥንቱ ዘመን ግን የጦር ዕቃ ማኅደርም ነበረች። በጦርነት የቀናቸው የግሪክ ከተሞች ከምርኮው ላይ ለአምላካቸው የሚገባውን ድርሻ ቀንሰው ጋሻውን፣ ራስ ቁሩንና ጥሩሩን ወደዚህ ያመጡና በስታዲየሙ ዙሪያ በተከመረው አፈር ላይ፣ በእንጨት ሰቅለው ያቆሙት ነበር። ሲያረጅ አውርደው ይቀብሩታል፣ ወይም በተተወ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉታል። ለአምላክ የተሰጠ ዕቃ ወደ ሰው እጅ አይመለስም። ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ሲቆፍሩ የኖሩት የጀርመን አርኪዮሎጂስቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ራስ ቁሮች፣ ጋሻዎችና የእግር ገምባሌዎች ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሩጫውም ቢሆን ከጦር ዕቃው የራቀ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ520 ዓመት ጀምሮ ራስ ቁር ደፍተው፣ ጋሻ አንግበው ሁለት ስታድዮን፣ ማለትም ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ርቀት የሚሮጡበት ውድድር ነበር። ፓውሳንያስ የተባለው ጥንታዊ ተጓዥ ለዚሁ ውድድር የሚያገለግሉ 25 የነሐስ ጋሻዎች በዜውስ ቤተ መቅደስ ይቀመጡ እንደነበር ጽፏል። ሯጮቹ ሁሉ እኩል ክብደት ይሸከሙ ዘንድ ይመስለኛል።

ታሪክ ሳስተምር ይህን ሁሉ የማሳየው በሥዕል ነበር። ሥዕልም መስተዋትም የአንጥረኛውን ጥበብ ያሳያሉ፤ ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ጆሮ ላይ የሚያደርሰውን ግን አያሳዩም። የዳዊትን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ይረዳዋል። ሳኦል የራሱን ራስ ቁርና ጥሩር ሲያለብሰው ልጁ ሊራመድ ሞከረ፤ አልተለማመደውምና አውልቆ በወንጭፉ ወጣ። የጦር ልብስ ለሚለብሰው ብቻ የሚናገረው ነገር አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንቱን ግሪካዊ ጦረኛ ትጥቅ በጥንቱ ልክ አሠርተው፣ ለብሰው፣ ተሰልፈውበት ለተማሪ የሚያሳዩ ሰዎች እንዳሉ ሳነብ የቆየሁ ቢሆንም አንድ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም ነበር። ነገሩ ትምህርት ነው ወይስ የበዓል ትርኢት? ወደ ግሪክ የሄድኩት ይህን በዐይኔ አይቼ ለመፍረድ ነው።

ለፍርዱ መነሻ የሆነችኝ ናፍፕሊዮ ናት። የዘመናዊቷ ግሪክ የመጀመሪያ ዋና ከተማ የነበረች፣ ጀርባዋን ለገደል ፊቷን ለባሕር የሰጠች ከተማ ናት። በአደባባይዋ ላይ ቬኔስያውያን በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሠሩት ግዙፍ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል፤ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። እዚያ ውስጥ፣ ዴንድራ በምትባል በአቅራቢያው ባለች መንደር የስዊድንና የግሪክ አርኪዮሎጂስቶች በ1960 እ.ኤ.አ. ከመቃብር ያወጡት ሙሉ የነሐስ ጥሩር ይታያል። የማራቶን ሰዎች ከመወለዳቸው ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተቀጠቀጠ ነው። አንገትጌው እስከ አገጭ ይደርሳል፤ የትከሻው ክዳን ሰፊ ነው፤ ከወገብ በታች ተደራራቢ የነሐስ ጠፍጣፎች ይወርዳሉ፤ ሁሉንም እርስ በርስ ያያዛቸው የቆዳ ጠፍር ነበር። ከእሱ ጋር የተገኘው ራስ ቁር የተሠራው በከርከሮ ጥርስ ነው። ገጣሚው ሆሜር ኢሊያድ በተባለው ድርሰቱ እንዲህ ያለውን ራስ ቁር ይገልጸዋል፤ እሱ በነበረበት ዘመን ግን ይህ ዕቃ ከአገልግሎት ከወጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ የተረሳ ዕቃ በአንደበት ብቻ ያን ያህል ዘመን መሻገሩ ያስደንቀኛል።

ይህን ጥሩር ያዩ ብዙ ምሁራን ለረጅም ጊዜ ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ለማዕረግ የሚለበስ እንጂ ሰው የሚዋጋበት ልብስ አይደለም። ቆመው ሲያዩት እውነት ይመስላል። እኔም በመስተዋቱ ፊት ቆሜ ክንድ የሚነሳበትን፣ ጉልበት የሚታጠፍበትን ቦታ በዐይኔ ስፈልግ ቆየሁ። ግን ይህ በማየት የሚፈታ ጥያቄ አይደለም። የቴሳሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 13 የግሪክ የባሕር እግረኛ ወታደሮችን በፈቃዳቸው አሰባስበው በዴንድራው ጥሩር ልክ የተሠራውን አለበሷቸው። ኢሊያድ ላይ ከተገለጹት ፍልሚያዎች ተነስተው ለ11 ሰዓታት የሚቆይ የውጊያ ልምምድ አዘጋጁ። ምግባቸው እንኳን በዚያ ዘመን ይበላ እንደነበረው ሆነ፤ ዳቦ፣ ሥጋ፣ የፍየል አይብ፣ ወይራ፣ ሽንኩርት፣ የወይን ጠጅ። የልብ ምታቸውን፣ የሰውነታቸውን ሙቀት፣ ድካማቸውን እየለኩ ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታተመ። ወታደሮቹ ጨረሱት፤ ጦር ወረወሩበት፣ ሰይፍ መዘዙበት፣ ሮጡበት። ለስድሳ ዓመታት በክርክር ብቻ የቆየውን ነገር የሰው ላብ መለሰው።

ይህን ሙከራ አከብረዋለሁ። ያደረጉት ሰዎች መልሱን አስቀድመው አላወቁትም ነበር፤ ጥሩሩን ያለበሱት ሊጠይቁት ነው። ከዚያ በኋላ በየደረስኩበት ነሐስ የለበሰ ሰው ሳይ የማነሳው መመዘኛ ይህ ሆነ፤ ይህ ሰው የለበሰው ሊጠይቅ ነው ወይስ ሊታይ?

ወደ ማራቶን የሚወስደው አውቶብስ የፔንቴሊን ተራራ ዞሮ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። መንገዱ የወይራ ዛፍ፣ የአትክልት ማሳና የበጋ ቤቶች ነው። ለኢትዮጵያዊ ይህን መንገድ በአውቶብስ መሄድ ልዩ ስሜት አለው። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ባሸነፈ በዓመቱ፣ በ1961 እ.ኤ.አ.፣ ከዚሁ ከማራቶን ተነስቶ አቴና በሚያበቃው ውድድር ላይ ሮጦ አሸንፏል። ስለዚህ የቦታው ስም ለእኛ ከሁሉ በፊት የሩጫ ስም ነው። የጥንቱን ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስን የሚያነብ ግን፣ በአፈ ታሪክ ወደ አቴና ሮጦ የድሉን የምሥራች ተናግሮ የሞተውን መልእክተኛ አያገኘውም። የሚያገኘው ሌላ ሩጫ ነው። ድል ያደረገው ሠራዊት፣ የፋርስ መርከቦች ዞረው ባዶዋን አቴናን እንዳይዙ፣ እግሩ በቻለ መጠን ወደ ከተማው ተመለሰ። የማራቶንን መንገድ መጀመሪያ የፈጀው የደከመ፣ ከውጊያ የወጣ፣ ትጥቁን የተሸከመ ሕዝብ ነው። እኔ ይህን ከአፈ ታሪኩ አስበልጣለሁ።

በሜዳው ላይ ወደ 9 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ጉብታ አለ። የሞቱት 192 አቴናውያን ያረፉት እዚያ ነው። ከጉብታው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በአንድ ጥላ ባለው መስክ፣ የጥንት ትጥቅ የሚያሠሩ ጥቂት ሰዎች ከአቴና ለመጡ ተማሪዎች ትምህርት ይሰጡ ነበር። መሪያቸው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ፈቃድ ጠየቅኋቸው፤ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ እጄን ይዘው ወደ ጋሻዎቹ ወሰዱኝ።

ሆፕሊት የሚባለው የግሪክ እግረኛ ጦረኛ ጋሻ ክብ ነው፤ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 7 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እንጨት ነው፤ ፊቱን ስስ ነሐስ ያለብሱታል። ቅርጹ እንደ አከንባሎ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ዙሪያውን ጠፍጣፋ ከንፈር ያለው ነው። ግራ ክንድ መሐሉ ላይ ባለው የነሐስ ቀለበት ውስጥ እስከ ክርን ይገባል፤ መዳፍ ጠርዙ አጠገብ ያለውን ገመድ ይጨብጣል። የእኛ አባቶች የቆዳ ጋሻ በጡጫ ተይዞ እንደልብ የሚዞር፣ ለብቻ ለሚፋለም ሰው የተመቸ ነው። ይህኛው ግን ክንድን አሥሮ ይይዛል። ወደ ግራ ይበዛል፤ ግማሹ ከባለቤቱ አካል አልፎ ይወጣል። ሳነሳው ክንዴ ወዲያው ዛለ። መምህሩ ጠጋ ብለው የላይኛውን ከንፈር ትከሻዬ ላይ አሳረፉት፤ ሸክሙ ከክንዴ ላይ ወረደ። ጋሻው ለምን እንደጎደጎደ ያኔ ገባኝ። ትከሻ ሥሩ ገብቶ እንዲሸከመው ነው። ይህን የሚያስረዳ ገጽ አንብቤ አውቃለሁ፤ ትከሻዬ ግን ከገጹ ይልቅ በአጭሩ ነገረኝ።

ራስ ቁሩንም ደፋሁት። የቆሮንቶስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከአንድ ወጥ የነሐስ ጠፍጣፋ ተቀጥቅጦ የሚወጣ፣ ለዐይንና ለአፍ ብቻ ክፍተት ያለው። የሠራው አንጥረኛ እዚያው ነበር። ነሐስ በመዶሻ ሲመታ እንደሚጠነክርና እንደሚሰባበር፣ ስለዚህ ደጋግሞ በእሳት ማለስለስና እንደገና መምታት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ጣቱን በአፍንጫው መከላከያ ላይ እያሳየ፣ ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው አለኝ። በውስጡ ስሆን የልጆቹ ጫጫታ ራቀ። የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው። ግራና ቀኜ ጠፋ፤ ከፊቴ ካለው ሰው በቀር ዓለም የለችም። መምህሩ አንድ ነገር ሲናገሩ ከንፈራቸውን አየሁ እንጂ ቃሉን አልሰማሁትም። በዚህ ውስጥ ያለ ሰው የአለቃውን ትእዛዝ እንዴት ይሰማል? በኋለኛው ዘመን ጆሮውን ክፍት ያደረጉ ራስ ቁሮች መምጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆሮንቶሱን የደፋ ሰው የሚያውቀው ጎኑን የነካውን የጓደኛውን አካል ብቻ ነው።

ልጆቹ ብዙ የጠየቁት ስለ ጨርቁ ጥሩር ነበር። ከአስተማሪዎቹ አንዱ የለበሰው ነሐስ ሳይሆን ከተልባ እግር የተሠራ ነጭ ጥሩር ነው፤ ጨርቅ ጦር ያቆማል መባሉን ማንም አላመነም። የዚህ ዓይነት ጥሩር አንድም እንኳን ከጥንቱ ዘመን አልተረፈም፤ ያለው በሸክላ ላይ የተሣለው፣ በጥንት ጸሐፍት የተጠቀሰው፣ በፖምፔይ የተገኘው የታላቁ እስክንድር ሞዛይክ ላይ የሚታየው ብቻ ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግሪን ቤይ ዩኒቨርሲቲው ግሪጎሪ አልድሬት ከተማሪያቸው ከስኮት ባርቴል ጋር ለዓመታት ሠርተውበታል። ጨርቁን በሙጫ እየደራረቡ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያወፍሩት መቀስ አልበጣው ስላለ በኤሌክትሪክ መጋዝ ነው የቆረጡት። ቀስትም ተኮሱበት። አንዴ ተማሪው ራሱ ለብሶት ቆሞ ተተኮሰበት፤ ቀስቱ ሰውነቱ ጋ አልደረሰም። ሙጫ ስለመኖሩ የጥንት ማስረጃ የለም፣ የተሰፋ ወይም ከቆዳ የተሠራ ሊሆን ይችላል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ቢሆንም ጨርቅ ይከላከላል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ተመልሷል።

የቀኑ ዋና ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ልጆቹን ከስስ ጣውላ የተሠሩ፣ ስፋታቸው ግን እውነተኛ የሆኑ ጋሻዎች አስያዟቸው። በሦስት ረድፍ አሰለፏቸው። ፊት ለፊት ያለች አንዲት ወይራ አሳዩና፣ ጋሻችሁን አጋጥማችሁ በቀጥታ ወደዚያች ዛፍ ሂዱ፣ ክፍተት እንዳይታይ አሏቸው። ሁለት አስተማሪዎች ከፊት ሆነው ለስላሳ ኳስ ይወረውሩባቸዋል። ሌላ ምንም አልተነገራቸውም። ልጆቹ እየሳቁ ጀመሩ። ኳሱ መምጣት ሲጀምር ሳቁ ቆመ፣ ሰልፉም ጠበቀ። ወይራዋ ጋ ሲደርሱ ግን ዛፏ ከመሐላቸው ሳይሆን ከግራቸው ነበረች፤ ሰልፉ በሙሉ ወደ ቀኝ ተንሸራትቷል።

መምህሩ ማንም ወደ ቀኝ ሂዱ አላላችሁም፣ ለምን ሄዳችሁ? ብለው ጠየቁ። ዝም ተባለ። ከዚያ አንዲት ልጅ፣ እኔን የሚሸፍነኝ የእሱ ጋሻ ነው አለች፤ በቀኟ የቆመውን ልጅ እያሳየች። የራሷ ጋሻ ቀኝ ጎኗን አይከልለውም፤ ስለዚህ ኳሱን በፈራች ቁጥር ወደ እሱ ተጠጋች። እሱም በቀኙ ወዳለው ተጠጋ። የመጨረሻው ቀኝ ላይ የነበረው ልጅ ደግሞ የሚጠጋበት ሰው ስለሌለው ያልተሸፈነ ጎኑን ከኳሱ ሊያሸሽ ወደ ውጭ ዞረ፤ ሁሉም ተከተሉት። መምህሩ ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው አነበቡላቸው። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 ዓመት በማንቲኔያ ስለተደረገው ውጊያ ሲጽፍ፣ ሠራዊት ሁሉ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብልና ምክንያቱም ይኸው እንደሆነ አስቀምጦታል፤ የመጨረሻውን የቀኝ ሰው ጭምር ሳይረሳ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከ2,400 ዓመት በፊት የተጻፈውን ነገር እነሱ በዚያች ቅጽበት ሲያደርጉት ነበር።

እኔ በዚህ ትምህርት ውስጥ የጎደለ ነገር አላየሁም። መምህሩ መልሱን ያውቁ ነበር፤ ልጆቹ ግን አያውቁትም ነበር፣ ደርሰውበታልም። ከዚያ ወዲያ ስፓርታውያን ራስ ቁሩን የጣለን ሰው ትተው ጋሻውን የጣለውን ለምን ያዋርዱት እንደነበር ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገም። ራስ ቁር የሚለበሰው ለራስ ነው፤ የጋሻው ግማሽ ግን የሌላ ሰው ነው። እኔ ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ልጆች በደብተራቸው ይጽፉት ነበር። እዚህ ማንም አልጻፈም።

ሁሉም ሙከራ ግን እንዲህ አይሳካም። ሄሮዶተስ አቴናውያን በማራቶን ስምንት ስታድዮን፣ ወደ 1,500 ሜትር፣ ሮጠው በፋርሶች ላይ እንደወደቁ ጽፏል። በ1970ዎቹ በአሜሪካ የፔንስልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ብርቱ ወጣቶችን የትጥቁን ያህል ክብደት አሸክመው አስሮጡ። ያን ርቀት ጋሻን ደረት ላይ ይዞ ሮጦ፣ ከዚያ ለመዋጋት የሚበቃ አቅም አይተርፍም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። እኔ ግን ያመነታሁት እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ተራራ ሲወጣና ማሳ ሲቆፍር የኖረውን ገበሬ ይወክላል? በሌላ በኩል ደግሞ ለአብዛኛው ርቀት በፍጥነት ተራምደው፣ ቀስት የሚደርስበት ክልል ሲገቡ ብቻ ሮጠዋል የሚለው አስተያየት ለትጥቁ ክብደትም ለሰው ልብም ይስማማል። መምህሩ ከልጆቹ መካከል የፈለጉትን እውነተኛ ጋሻ አስይዘው ወደ ጉብታው አቅጣጫ አስሮጧቸው። ሩቅ የሄደ የለም። ሁሉም ግን ቆመው ሲያለከልኩ በሜዳው ርዝመት ላይ ዐይናቸው ቀረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ሊለበስ አይችልም፤ እሱም ፍርሃት ነው። የተውኔት ጸሐፊው የኤስኪለስ ወንድም ኪኔጊሩስ በዚህ የባሕር ዳር የፋርስን መርከብ በእጁ ሲይዝ እጁን በመጥረቢያ ተቆርጦ ሞተ። ኤስኪለስ ራሱ እዚህ ተዋግቷል፤ በመቃብሩ ላይ እንደተጻፈ የሚነገረው ቃል በማራቶን መዋጋቱን ያነሳል፣ ዓለም የሚያውቅለትን ተውኔቶቹን ግን አያነሳም። ያ ሰው ያየውን ለስላሳ ኳስ አያሳይም፤ ማሳየትም የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህን የማይቀበለው ዓይነት ትርኢት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በሲኒማ ቤቶች የወጣውን የስፓርታውያን ፊልም ያዩ ልጆች የጥንቱ ጦረኛ ደረቱን ገልጦ የሚዋጋ ጀግና ይመስላቸዋል። ነሐስ ለብሶ ከቱሪስት ጋር ፎቶ የሚነሳ ሰውም ይህንኑ ያጸናል። ታሪክን የሚለብስ ሰው የት ላይ እንደሚያቆም ካልተናገረ ሐሰት ነው የሚያስተምረው። እኚህ መምህር ይህን ተናግረዋል። ኳሱን ሰብስበው ሲያበቁ፣ አሁን ያያችሁት ሰልፉን ነው፤ ውጊያውን አላያችሁም አሏቸው።

ምሳ ላይ አንድ ልጅ መጥቶ የእርስዎ አገር ሰዎች በየትኛው በኩል ነበሩ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። ከማራቶን አሥር ዓመት በኋላ የፋርስ ንጉሥ ዘርክሲስ ይዞት በመጣው ሠራዊት ውስጥ ሄሮዶተስ ኢትዮጵያውያን ብሎ የሚጠራቸው ሰዎች ነበሩ፤ እሱ የሚናገረው ከግብፅ በስተደቡብ በአባይ ሸለቆ ስለሚኖሩት ሕዝቦች ነው። የነብርና የአንበሳ ለምድ ለብሰዋል፤ ቀስታቸው ከዘንባባ እንጨት ነው፤ የጦራቸው ጫፍ የሚዳቋ ቀንድ ነው፤ ወደ ውጊያ ሲገቡ ገላቸውን ግማሹን በኖራ፣ ግማሹን በቀይ ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ ቀደም ባለው የግሪኮች ትረካ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ ሲመጣ፣ እንደ አኪሌስ ሁሉ አምላካቸው ሄፋስተስ የሠራውን የጦር ዕቃ ለብሶ ነበር። ይህን ለልጁ ስነግረው መምህሩ ያዳምጡ ነበር። በሰልፉ ወቅት ልጆች ሁሉ አቴናዊ መሆን እንደሚፈልጉ፣ እሳቸው ግን ግማሹን ፋርስ አድርገው ኋላ እንደሚያለዋውጧቸው ነገሩኝ። ለምድ የለበሰ ሰው ግን እስካሁን በሰልፋቸው የለም። እንዲጨምሩ ለመንኳቸው፤ የሄሮዶተስን ክፍል ቁጥር ጠይቀው ጻፉት።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝምና ለእሳቸውም አልሸሸግሁም። ከዚያ ሁሉ ነሐስ መካከል ተሸካሚው አልነበረም። ሆፕሊት ትጥቁን በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ነው፤ ድሃ አይችለውም። ያን ሁሉ ክብደት ደግሞ በመንገድ ብቻውን አልተሸከመም፤ ከኋላው ጋሻ ጃግሬ ነበረው፣ ብዙ ጊዜም ባሪያ። ሄሮዶተስ በኋላ ከፋርሶች ጋር በተደረገው የፕላቴያ ውጊያ ለእያንዳንዱ የስፓርታ ዜጋ ሰባት ሰባት ሄሎቶች እንደተከተሉ ይናገራል፤ 5,000 ስፓርታውያን፣ 35,000 ሄሎቶች። ሄሎት ማለት ለስፓርታውያን መሬት የሚያርስ፣ ነፃነት የሌለው ሕዝብ ነው። በየትኛውም ትርኢት ላይ የስፓርታዊውን ቀይ ካባ እናያለን፤ ሰባቱን አናይም። ትጥቁን ለብሰን ሸክሙን ከተማርን፣ ከሸክሙ ጋር የተሸካሚውን ስም መጠየቅ ነበረብን።

መምህሩ አልተከላከሉም። ተማሪዎቹን ሰብስበው በአውቶብስ ወደ ቭራና ሄድን፤ የማራቶን ቤተ መዘክር ያለው እዚያ ነው። ከቤተ መዘክሩ አጠገብ ሌላ፣ ከመጀመሪያው የሚያንስ የመቃብር ጉብታ አለ። አርኪዮሎጂስቱ ስፒሪዶን ማሪናቶስ በ1970 እ.ኤ.አ. ቆፍሮት ለአቴናውያን ሊረዱ መጥተው የሞቱት የፕላቴያ ሰዎች መቃብር ነው ብሎ ነበር፤ የማይስማሙ ምሁራን አሉ። ፓውሳንያስ ግን በዚህ ሜዳ ከአቴናውያኑ ሌላ ሁለተኛ መቃብር እንደነበረ ጽፏል፤ የተቀበሩበትም ፕላቴያውያንና ባሪያዎች ናቸው። በማራቶን ባሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከጌቶቻቸው ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋልና። የ192ቱ አቴናውያን ስም በየነገዳቸው በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነበር።

ልጆቹ ወደ ጉብታው ገቡ። ያቺ በቀኟ የቆመውን ልጅ ያሳየችው ተማሪ ባሪያዎቹ ጋሻ ነበራቸው ወይ ብላ ጠየቀች። መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔም ወደ እሳቸው። ከዚያ እሳቸው ለሚቀጥለው ቡድን ትምህርቱን ከዚህ ጉብታ እንደሚጀምሩ፣ ጋሻዎቹንም ከአውቶብሱ እስከ መስኩ ድረስ ግማሾቹ ልጆች ለግማሾቹ እንዲሸከሙላቸው እንደሚያደርጉ ተናገሩ። አንጥረኛው ሰባት ሰው ለአንድ ቢሆን አይሻልም ወይ አለ፤ እስከ አቴና ድረስ በዚህ ሲከራከሩ ሄዱ።